የሸማኔው ክንድ

አይሱዙው የደብረ ብርሃንን የመጨረሻ ቤቶች አልፎ ወደ አንኮበር ሲታጠፍ የኢስሀቅ ቀኝ ክንድ በመስኮቱ ወጥቶ ነበር። ያወጣው ነፋስ ሊቀበል ብሎ አይደለም፤ ጋቢናው ውስጥ ማስቀመጫ ስለጠፋለት ነው። ክንዱ ከጎኑ ርቆ ተነስቶ፣ ክርኑ ታጥፎ፣ መዳፉ ወደ ፊት ዞሮ፣ ከወገቡ በሚነሳ የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ታስሯል። መንገድ ዳር የቆመ ሁሉ ሰላም የተባለ መስሎት እጁን ያነሳል። ገብስ የጫነች አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«ዛሬ የሸዋን ሰው ጠቅላላ ሰላም አልከው» አለ ሹፌሩ ማኅደረማርያም። ወዲያው የምንሄደው ለቀብር መሆኑ ትዝ ሲለው፣ «ይቅር በለኝ ወንድሜ» ብሎ አንገቱን ደፋ።

እኔ በሁለቱ መሃል ተጣብቄ ባሕር ዛፍ ባየሁ ቁጥር «ቅርንጫፍ!» እያልኩ እጮሃለሁ። አንዳርጌ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆኜ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከሠራተኛው ሁሉ ፈሪው እኔ እንደሆንኩ ባልደረቦቼ ያወራሉ፤ እኔም አልክድም። ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ነው፤ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን በሚዘጋበት ዘመን።

ጠዋት ከሱብሂ ሰላት በኋላ ከአልዩ አምባ ተደወለ። የኢስሀቅ አባት ሀጂ አሊ ወደ አኼራ ሄደዋል። ሙስሊም ሲሞት ጀናዛው አይቆይም፤ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ ይቀበራሉ። ከልጆቻቸው መካከል ወንዱ ኢስሀቅ ብቻ ነው።

ቀዶ ጥገናውን የሠራችለት ዶክተር አዲስዓለም በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ በሥራ አለቃዬ ናት። ብትከለክለው በእግሩም ቢሆን እንደሚሄድ ከፊቱ አነበበች። «ጋሽ አንዳርጌ፣ አብረውት ይሂዱ» አለችኝ። «ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ይህ ክንድ ወደ ሆዱ ከተመለሰ የሠራነውን ሁሉ ውኃ በላው። ሁለተኛ የምሰፋለት ነገር የለኝም።» ያን ቀን ገና አምስተኛው ሳምንት ነበር። እሺ ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ኢስሀቅ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ ሸማኔ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከጎረቤላ ቁልቁል በሞተር ሲወርድ ወደቀና አንገቱ ሥር ያሉት ነርቮች ተበጠሱ። ክርኑና ጣቶቹ በጊዜ ብዛት ተመለሱ፤ ትከሻው ግን ሞቶ ቀረ። እጁ ሆዱ ላይ ተለጠፈና ወደ ውጭ አልዞር አለ። ሸማኔ ደግሞ ማጉን በድሩ መሃል የሚያመላልሰውን መወርወሪያ ለመወርወርም ለመቀበልም ክንዱን ወደ ውጭ መክፈት አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቱ ሲሸምኑ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እያየ ከረመ።

ማኅደረማርያም ዝምታው ከበደው መሰለኝ፣ «ለመሆኑ ሐኪሞቹ ምን አደረጉህ?» አለው።

ኢስሀቅ እስከዚያች ሰዓት አልተናገረም ነበር። የአባቱን ነገር ላለማሰብ ይመስለኛል፣ ረዘም አድርጎ መለሰ።

«ከጀርባዬ ላይ አንድ ደህና ጡንቻ ነበረኝ። ይሄ ከትከሻ ጀርባ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት ወደ ኋላና ወደ ታች የሚስበው። የእሱ ነርቭ በሌላ መንገድ ከጭንቅላት ስለሚወርድ አደጋው አላገኘውም። ጫፉን ከአጥንቱ አላቀቁት፤ አልደርስ ሲል ከጭኔ ጠንካራ ሽፋን ቆርጠው ቀጠሉለትና ክንዴ አናት ላይ ሰፉት። ያ ጡንቻ ከእንግዲህ ሲሰበሰብ ክንዴን ወደ ውጭ ያዞረዋል።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አንከርፍፈው አሰሩህ?»

«ድር ወጥረህ ታውቃለህ?»

«እኔ የማውቀው መኪና ነው።»

«ድሩ ከላላ ሸማው ይንቦረቀቃል። አብዝተህ ከወጠርከው ይበጠሳል። ዶክተሯ ክንዴን ወደ ውጭ ከፍታ ልኩን ወጥራ ነው የሰፋችው። ስፌቱ ሳይጠና ክንዴ ከወረደ ይላላል። ያኔ ጡንቻው ይጎትታል፣ ክንዴ አይሰማም።»

ይህን ለተማሪዎች ለማስረዳት እኔ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ቀናሁበትና የራሴን ጨመርኩ። «በርን ከማጠፊያው አጠገብ ሆነህ ግፋው እስቲ፤ ቀጥሎ እጀታው ጋ ሆነህ ግፋው። ጡንቻው ትንሽ ስለሆነ ጉልበቱ እንዳይባክን ከመዞሪያው ራቅ ተደርጎ ነው የተሰፋው። አንድ ጣት ያህል ቢላላ እንኳን ያ ሁሉ ልኬት ከንቱ ነው።» ይህን ብዬ ራሴን በራሴ አስደነገጥኩ።

ግማሽ መንገድ ሳንሄድ ኬላ ላይ ደረስን። አንድ ወጣት ታጣቂ በመስኮቱ የወጣውን ቱቦ ሲያይ ጠመንጃውን አነጣጠረ።

«እጅህን አስገባ! ምንድን ነው እሱ?»

«አይገባም!» አልኩ ከመሃል ሆኜ፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «መደገፊያ ነው ወንድሜ፣ ታሟል፣ በቅርቡ ነው የተቀደደው!»

«ፈቶ ያሳየን።»

«ከተፈታማ አለቀ!»

ወረድን። ክንዱን በሁለት እጄ ደግፌ መሃል መንገድ ላይ ቆምን። ጸሐይዋ ከፍ እያለች ነው፤ አልዩ አምባ ላይ ሰው ውኃ እያሞቀ አባቱን እያጠበ ነው። አለቃቸው የት እንደሄደ እንጃ፣ እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተገተርን። መጥቶም ቱቦውን በጣቱ መታ መታ አደረገው፣ ሸሚዙን ገልጦ ገና ያልጠየመውን ጠባሳ አየ። ወደ ቱቦው እየጠቆመ «ማን ሠራው ይሄን?» ሲለኝ፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ የሚኖር አንድ አናጢ ከውኃ ቱቦና ከስፖንጅ እንደሠራው፣ እኛም ለአባቱ ቀብር እንደምንሄድ ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ፣ «ሂዱ። አባትህን አላህ ይማራቸው» አለ።

ጎረቤላ ስንደርስ የተራራው ነፋስ እንደ ውርጭ ይቆርጥ ነበር። ክንዱ ውጭ የቀረው ኢስሀቅ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። ሰው ሲንቀጠቀጥ ጡንቻው ሳያዝዘው ይሰበሰባል፤ ያ የተሰፋው ጡንቻም አብሮ ይሰበሰባል። የራሴን ጋቢ አውልቄ ከነክንዱ፣ ከነቱቦው ጠቀለልኩት። ያን ጊዜ ብልህ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

«ማኅደረማርያም፣ ፍጠንልን» አለ ኢስሀቅ። ስልክ ሞከረ፤ ኔትወርክ የለም። ዙህር ሊደርስ ነው።

«ቀስ በል!» አልኩ እኔ።

«ፍጠን ነው ቀስ በል? አንዱን ምረጡልኝ!» አለና ሹፌሩ ቁልቁለቱን ያዘው። በየጥምዝምዙ ኢስሀቅ ወደ በሩ በተጋፋ ቁጥር እኔ በወገቡ እይዘዋለሁ። ብርዱ እየቀለለ፣ አየሩ እየሞቀ ሄደ፤ እኔ ግን ጋቢውን ከላዩ አላነሳሁትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ይህን ተረት ያን ቀን ሃምሳ ጊዜ በልቤ ሳልደግመው አልቀረሁም።

አልዩ አምባ ስንገባ ሀጂ አሊ ተከፍነው ቃሬዛው ላይ ከግቢያቸው ደጅ ወጥተዋል። ሕዝቡ ቆሟል። ኢስሀቅ መኪናው በቅጡ ሳይቆም በሩን ከፈተ። እኔ ከመሃል ስለነበርኩ ቦርሳዬ እግሬ ውስጥ ገብቶ ተደናቀፍኩ። እስክወርድ ድረስ እሱ «አባዬ!» እያለ እየሮጠ ነበር።

እስቲ አስቡት። አባቱ የሞተበት አንድ ልጅ እየጮኸ ይመጣል። ፊቱ በእንባ ታጥቧል፤ በጋቢው ሥር ቀኝ እጁ ወደ ላይ ተነስቷል። ያየው ሁሉ ራሱን ሊመታ ነው አለ። በአገራችን ሐዘንተኛ ሲደርስ ራሱን እንዳይጎዳ ጠንከር ያሉ ወንዶች ቀድመው እጁን ይይዛሉ። ሙስሊሞቹ ዘንድማ ፊት መንጨትና ደረት መምታት በአላህ ውሳኔ ማጉረምረም ስለሆነ አጥብቀው ነው የሚይዙት።

«ያዙት! እጁን ያዙት!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ሶብር አድርግ በሉት!»

ከሕዝቡ መሃል አንድ ግዙፍ ወጣት ተፈተለከ። የተነሳውን ክንድ በጋቢው ላይ አፍኖ ያዘና ወደ ታች ጎተተው።

«ተው! ተው! ልቀቀው!» እያልኩ ሮጥኩ። ቸርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኢስሀቅ ጮኸ። ጋቢው ሲወድቅ ቱቦው ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ክንዱ ግማሽ ድረስ ወርዷል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደርሼ ክርኑን ያዝኩና ወደ ቦታው መለስኩት።

ግዙፉ ወጣት ቱቦውን አየ፣ ክንዱን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ… ራሱን ሊመታ መስሎኝ…» አለና ባለበት ቁጭ አለ።

ሰዳም ይባላል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በወደቁ ዕለት ሞተሩን ሲነዳ የነበረው እሱ ነው። ኢስሀቅ ከኋላ ተቀምጦ፣ ሰዳም እየነዳ፣ ከልጅነት ጀምሮ የማይለያዩ ባልንጀሮች ነበሩ አሉ። ሰዳም በጭረት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ኢስሀቅ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረውም፤ መንገድ ላይ ቢያገኘው እንኳን ዞር ብሎ ያልፋል። አሁንም አልተናገረውም። ዓይኑን ቃሬዛው ላይ ተክሎ ያለቅሳል።

በክንዱ ሥር እንደገባሁ ወደ ቤት ይዤው ገባሁ። እናቱ ወይዘሮ ዙቤዳ ሴቶቹን ትተው ተከተሉን። የተቀደደው ማሰሪያው እንደሆነ አየሁ፤ የሚጣበቀው ቀበቶ ከስፌቱ ተቦጭቋል። የሰማሁት ድምፅ የእሱ ሊሆን ይችላል። የጅማቱም ሊሆን ይችላል። በዓይን አይታይም። ሐኪሟ ጋ ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም።

«ዶክተር፣ ልጄ ምን ሆነ?» አሉ ወይዘሮ ዙቤዳ።

«ዶክተር አይደለሁም እናቴ።»

«እዚህ ያለኸው አንተ ነህ። ለእኔ ዶክተር ነህ። ንገረኝ።»

«ለማወቅ አንድ መንገድ ነው ያለው። ጣቶቼን ጀርባው ላይ አድርጌ ጡንቻውን ቀስ ብሎ እንዲሰበስብ አዝዘዋለሁ። የተሰፋው ገመድ ከጣቴ ሥር ከተወጠረ ጅማቱ አለ። ካልተወጠረ…» ከስድስት ሳምንት በፊት እንዲህ ማድረግ ደግሞ የተከለከለ ነው። ብሞክረው ላጠፋ፣ ባልሞክረው ሳላውቅ ልቀር። ግራ ገባኝ። ከዚያ ይልቅ የትም ብሆን በመረጥኩ ነበር።

«አሁን አታየኝ» አለ ኢስሀቅ።

«ምን?»

«ጋሽ አንዳርጌ፣ ተበጥሶ ከሆነ አሁን ባውቀው አባቴን ትቼ ለክንዴ ነው የማለቅሰው። አባቴ የሚቀበረው አንድ ጊዜ ነው። ከቀብር በኋላ ታየኛለህ።»

እናቱ ግንባሩን ሳሙት። እኔ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ተገላገልኩ። ይሁን እንጂ ክንዱ እስከዚያ ተይዞ መቆየት አለበት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በሰላቱ ሰፍ፣ በሰጋጆቹ ረድፍ ውስጥ ገብቼ ልቆም አልችልም።

«እኔ ልያዘው» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። ሰዳም ነበር።

«አንተማ እንዳትነካው!» አልኩ ሳላስበው። ኢስሀቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሺም እምቢም አላለም።

ወይዘሮ ዙቤዳ ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን። «ሰዳም፣ ና» አሉ። «የጎተትከው አንተ ነህ፣ አንተው ትይዘዋለህ። ሀጂ ቢኖር ይህንኑ ነበር የሚለው።»

ቦታውን አሳየሁት። አንዱን እጁን ከክርኑ ሥር፣ ሌላውን መዳፉን ከአንጓው ጀርባ አስያዝኩት። «አታንሳው። አታውርደው። ሰው ቢገፋህ፣ ጉንዳን ቢነክስህ፣ ሰማይ ቢወድቅ እጅህ ከዚህ አይነቃነቅ።» ራሱን ነቀነቀ።

መስጊዱ ደጃፍ ሰፉ ተስተካከለ። የጀናዛ ሰላት ቆመው ብቻ ነው የሚሰግዱት፤ ጎንበስ ማለትና ግንባር መድፋት የለበትም። ይህን ሲነግሩኝ በልቤ አመሰገንኩ። ሰዳም ሼሁን፣ «እጄን ደረቴ ላይ ማጣጠፍ አልችልም፣ እሱን ይዣለሁ» ሲላቸው፣ «ያዝ ልጄ፣ ኒያህን፣ የልብህን አላህ ያውቃል» አሉት። ሼሁ አላሁ አክበር ሲሉ ኢስሀቅ ግራ እጁን ብቻ አነሳ። እኔ ከዳር ቆሜ የማየው የሰዳምን ክርኖች ብቻ ነበር። ምነው ቶሎ በጨረሱ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በሰው አባት ጸሎት ላይ እንዲህ ማሰቤ ያሳፍረኛል።

ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ ድንጋያማ ቁልቁለት ነው። ጀናዛ በፍጥነት ነው የሚሄደው፤ ተሸካሚው በየእርምጃው ይለዋወጣል። ሰዳም ከኢስሀቅ ጎን በጎኑ እየተራመደ ይከተላል፣ የሚረግጠውን አያይም። ደረቁን ወንዝ ስንሻገር እግሩ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሰዳም በጉልበቱ ወድቋል፤ ሱሪው ተቀዶ ደሙ ይወርዳል። እጆቹ ግን ወደ ላይ ተዘርግተው ክንዱን በነበረበት ከፍታ ይዘውታል። ኢስሀቅ ቆመና እስኪነሳ ጠበቀው። አላየውም።

አንድ ሌላ ሰው፣ «ልቀበልህ» ቢለው ሰዳም እምቢ አለ። እኔም ብለው እምቢ አለኝ።

ኢስሀቅ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ አባቱን ሊቀበል ፈልጎ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ጠየቀኝ። በሕይወቴ ለሰው ከሰጠሁት መልስ ሁሉ የከበደኝ ያ ነው፤ ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። የአጎቶቹ ልጆች ገቡ። እሱ በግራ እጁ ሦስት ጊዜ አፈር አፈሰና አለበሳቸው። ያኔ ሁላችንም አለቀስን፤ እኔም ሀጂ አሊን አንድ ቀን ሳላውቃቸው አለቀስኩላቸው።

ዱዓው አልቆ ሰው ሲበተን ከመቃብሩ ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጥን። ሰዳም ፊት ለፊቱ ተንበርክኮ አሁንም ክንዱን ይዟል። ከያዘው ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው፤ የእጆቹ ሥሮች ተገትረዋል።

«በል አሁን እየኝ» አለ ኢስሀቅ።

«ደብረ ብርሃን ስንመለስ ዶክተሯ ብታይህ አይሻልም?»

«ጋሽ አንዳርጌ።»

ሸሚዙን ገለጥኩና ሁለት ጣቶቼን ከትከሻው ጀርባ፣ የተሰፋው ገመድ በሚያልፍበት ላይ አኖርኩ። ቆዳው ይሞቃል። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

«ትከሻህን ወደ ኋላ ሳብ። በቀስታ። አንድ አሥረኛ ጉልበት እንኳን አይሁን።»

ሳበ። አንገቱ ሥር ያለው ጡንቻ ተነሳ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ። ከጣቴ ሥር ግን ምንም። ሙሉ በሙሉ ልል ነበር። ለዶክተር አዲስዓለም ምን እላታለሁ? ለዚያች እናት ምን እላለሁ? ጋቢውን ያለበስኩት እኔ ነኝ።

«እንደገና» አልኩ። ድምፄን ለማደላደል ሞከርኩ። «አንገትህን ተወው። ትከሻህንም ተወው። ድሩ ፊት ለፊትህ ተወጥሯል እንበል። መወርወሪያው ከግራ እየመጣልህ ነው። ልትቀበለው ክንድህን ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው ትንሽ ነገር አለ፤ እሷን ብቻ አድርግ።»

ኢስሀቅ ዓይኑን ጨፈነ። የፊቱ ጡንቻዎች ሁሉ ሲፈቱ አየሁ። እኔ በጣቶቼ አዳምጣለሁ። ምንም የለም። ምንም የለም።

«ገፋኝ» አለ ሰዳም።

ጣቶቼን ጠበቅ አድርጌ ጫንኩ።

«ገፋኝ እኮ! ወላሂ፣ እጄን ወደ ውጭ ገፋኝ!»

ያን ጊዜ ነው ከጣቴ ሥር አንድ ቀጭን ነገር ተወጥሮ የተሰማኝ። ቀስ ብሎ ላላ፣ እንደገና ተወጠረ። «በቃ! በቃ፣ አቁም!» ብዬ ጮህኩ። «አለ! አልተበጠሰም!»

ያን ሁሉ መንገድ ጸንተው የመጡት የሰዳም እጆች አሁን ይንቀጠቀጡ ጀመር። እንባው በደም በተለወሰ ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል። ኢስሀቅ ዓይኑን ገለጠና ወደ ታች አየው።

«ሰዳም» አለው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስሙን ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። «አጥብቀህ ያዝ እንጂ! ደግመህ ልትጥለኝ ነው?»